የጊታር ራስ፦ ቀለሙ፣ ስሙና ታሪኩ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ከአባቱ የወረሰውን የኤሌክትሪክ ጊታር ለማሳደስ አንድ አናጢ ዘንድ ወሰደ። አናጢው በቤት ዕቃ ሥራ እጁ የተመሰገነ፣ ለቁም ሣጥንና ለአልጋ የሚቀባው ቫርኒሽ ፊት የሚያሳይ ሰው ነው። ጊታሩ በሳምንቱ ሲመለስ ገላው ጸድቶ፣ አንገቱ ተወልውሎ፣ የዛጉት ብሎኖች ተለውጠው ነበር። ራሱ ግን ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ በግንባሩ ላይ የነበረው የሠሪው ስም ጠፍቷል። ወዳጄ ደነገጠ፤ አናጢውንም የወዳጄ መደንገጥ አስደነገጠው። «ጋሼ፣ ጽሑፉ እኮ ግማሹ ተላልጦ ነበር፤ ከተበላሸ ስም ንጹሕ ጥቁር ይሻላል ብዬ ነው» አለ።

ይህ መልስ ብዙ ጊዜ በአእምሮዬ ሲመላለስ ቆይቷል። አናጢው ተሳስቷል ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ከአንድ መዳፍ እምብዛም የማትበልጥ የእንጨት ገጽ ይህን ያህል የምታስለቅስ ከሆነች፣ እዚያች ገጽ ላይ ምን እንደ ተከማቸ መመርመር ተገቢ ይመስለኛል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

ጊታር በሰው አካል የተመሰለ መሣሪያ ነው። ራስ፣ አንገት፣ ወገብና ገላ አለው። ገላው ድምፅን ያጎላል፤ አንገቱ ለጣቶች መንገድ ይሆናል፤ ራሱ ግን አውታሮቹን ወጥረው የሚይዙትን መቃኛዎች ከመሸከም ሌላ የረባ የድምፅ ተግባር የለውም። በዚህም ምክንያት ባለሙያው እንደ ልቡ የሚሆንበት ስፍራ ራሱ ነው። የገላው ፊት ቀለም ከወፈረበት ድምፁ ይታፈናል፤ አንገቱ ከሸከረ እጅ ያሰናክላል፤ ራሱ ላይ ቢቀቡ፣ ቢቀርጹ፣ ዕንቁ ቢያስገቡ፣ ስም ቢጽፉ አውታሩ አይቀየምም። እኛም ዘንድ ቢሆን የበገና ሠሪ ጌጡን የሚያሳርፈው በምሰሶዎቹና በቀንበሩ ላይ ነው። ልዩነቱ፣ እኔ ባየኋቸው በገናዎች ላይ ጌጥ እንጂ የሠሪ ስም አለማየቴ ነው።

በአውሮፓ ግን ስም ቀደም ብሎ ወደ ራሱ ወጥቷል። በአሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት በፓሪስ ይሠሩ የነበሩት የቮቦአም ቤተሰብ አባላት ጊታሮቻቸውን በዞጲና በዝሆን ጥርስ ጥቁርና ነጭ እየቀለሙ ያስጌጡ ነበር፤ ከእነዚህም ውስጥ በራሳቸው ላይ ስምና ዓመት የተቀረጸባቸው አሉ። በ1641 በሬኔ ቮቦአም የተሠራው ጊታር ዛሬ በኦክስፎርድ አሽሞልያን ሙዚየም ይገኛል። በቫዮሊን ብቻ የምናውቀው አንቶኒዮ ስትራዲቫሪም ጊታር ይሠራ ነበር። ከእጁ ከቀሩት ጥቂት ጊታሮች መካከል በ1700 የሠራውና በአሜሪካ በሳውዝ ዳኮታ፣ በቨርሚሊየን ከተማ ሙዚየም የተቀመጠው ስሙን የተሸከመው በራሱ ጀርባ ላይ ነው። ከፊት ለፊት ለሚያደምጠው ሰው ስሙ አይታይም፤ መሣሪያውን አንሥቶ የሚያገላብጠው ብቻ ያነበዋል። ይህን ጨዋነት ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የራሱ ፊት ጥቁር የመሆን ልማድም ከዚያው ዘመን ይመዘዛል። ዞጲ ከሩቅ አገር በመርከብ የሚመጣ ውድ እንጨት ስለ ነበር፣ አቅም ያለው በስሱ ሰንጥቆ በራሱ ፊት ላይ ይለጥፈዋል፤ አቅም የሌለው ደግሞ እንደ ሸክኒት ዛፍ ያለውን ተራ እንጨት ያጠቁረዋል። የማጥቆሪያው ዘዴ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በእንጨቱ ውስጥ ያለው የማልፊያ ንጥረ ነገር፣ ማለትም ቆዳ ፋቂ የሚጠቀምበት ዓይነት፣ ብረት ከተዘፈዘፈበት ኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። እንግዲህ ጥቁሩ ራስ ገና ከመነሻው ግማሹ ሐብት፣ ግማሹ የሐብት ምስያ ነበር። አናጢያችን በማያውቀው መንገድ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ የቆየ ልማድ ፈጽሟል ማለት ነው።

ስለ ራስ ክብር ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የቫዮሊን ሠሪዎች ሥራ ነው። በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በአሥራ ዘጠነኛው መጀመሪያ የሙዚቃው አዳራሽ እየሰፋ፣ የአውታሩም ውጥረት እየጨመረ ሲሄድ የጥንቶቹ ቫዮሊኖች አጭር አንገት አልበቃ አለ። ስለዚህ አንገታቸው ተቆርጦ በረጅም ተተካ። ይሁን እንጂ ባለሙያዎቹ አሮጌውን ጥምዝ ራስ አልጣሉትም፤ ከአሮጌው አንገት ላይ ቆርጠው በአዲሱ ላይ አጣበቁት። አዲስ ራስ መቅረጽ በቀለለ ነበር። ነገር ግን የጥምዙ አጠራረብ የሠሪው ፊርማ ስለ ሆነ፣ አንገት ሲለወጥ ራስ ተረፈ። ዛሬ በየአዳራሹ የሚሰሙት የክሪሞና ቫዮሊኖች አብዛኞቹ እንዲህ ያለ የተቀጠለ ራስ የተሸከሙ ናቸው።

ወደ ጊታር ስንመለስ፣ የዛሬው ኢንዱስትሪ መነሻ ከሆኑት ታሪኮች አንዱ የሙያ ማኅበራት ጠብ ነው። በሳክሶኒ ግዛት በማርክኖይኪርከን ከተማ ቫዮሊን ሠሪዎች የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፤ የቤት ዕቃ አናጢዎችም እንዲሁ። ጊታር የሚሠሩት አናጢዎቹ ነበሩ። በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ መጀመሪያ ቫዮሊን ሠሪዎቹ «የሙዚቃ መሣሪያ የእኛ ሙያ ነው፤ አናጢ ምን አግብቶት?» ብለው ለመንግሥት ሹሞች ከሰሱ። ከአናጢዎቹ ወገን የነበረው ክርስቲያን ፍሪድሪክ ማርቲን ቪየና ወርዶ በዮሐን ጌኦርግ ሽታውፈር ዘንድ የተማረ ሰው ነበር። በ1833 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኒው ዮርክ ተሰደደ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በፔንሲልቬኒያ ናዝሬት ሰፈረ። የመጀመሪያዎቹ ጊታሮቹ ራስ መምህሩን ይመስላል፤ ወደ አንድ ወገን የተጠመዘዘና ስድስቱን መቃኛዎች ሁሉ በአንድ ጎን የደረደረ ነው። የተሰደደ ሰው አገሩን በልቡ ይዞ ይሄዳል ይባላል፤ ማርቲን መምህሩን በጊታር ራስ ላይ ይዞ ሄደ። በኋላ ቀለል ወዳለው አራት ማዕዘን ራስ ዞረ። ድርጅቱ እስከ 1930ዎቹ መግቢያ ድረስ ስሙን በራሱ ጀርባ ላይ በማኅተም እየመታ ቆየ፤ የንግዱ ፉክክር ሲበረታ ብቻ ነው ስሙ በፊት ለፊት የተለጠፈው።

እዚህ ላይ ስለ ቀለሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ጥሩ ጊታር የሚጠናቀቀው የእኛ አናጢዎች ከጣሊያንኛው ወስደው ጎማላካ በሚሉት ነገር ነበር። ይህ በሕንድና በአካባቢው በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የሚኖር አንድ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያመነጨው ሙጫ ነው። በአልኮል ይሟሟና በጨርቅ ድብልብል እየተነከረ፣ እጅግ እየሳሳ፣ ብዙ ጊዜ ይታሻል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ውጤቱ ግን እንደ ቆዳ የሳሳ ልብስ ነው። አንድ ሌላ ጸጋም አለው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ አልኮል ሲነካው ይለሰልሳል። ስለዚህ የተጎዳውን ክፍል ብቻ ነክቶ የቀረውን ሳይነኩ መጠገን ይቻላል።

ሃያኛው ምዕተ ዓመት ግን ችኩል ነበር። በ1846 ዓለም ያወቀው ባሩድ ጥጥ፣ ማለትም በናይትሪክ አሲድ የታከመ ጥጥ፣ መጀመሪያ ለመድፍ፣ ቀጥሎ ለሲኒማ ፊልም ዋለ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በባሩድ የከበረው ዱፖንት ይህንኑ ንጥረ ነገር ወደ ቀለምነት ለወጠው። በ1923 «ዱኮ» የተባለው የናይትሮሴሉሎስ ቀለም ወጣ፤ ጄኔራል ሞተርስም የ1924ቱን የኦክላንድ መኪና ሰማያዊ ቀባበት። ቀድሞ ቀለም ተቀብታ እስክትደርቅ ሳምንታት ትፈጅ የነበረች መኪና በቀናት ማለቅ ጀመረች። የጊታር ፋብሪካዎችም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ጨርቁን ጥለው መርጫውን አነሡ። መድፍ፣ ፊልም፣ መኪናና ጊታር ከአንድ ጥጥ መፈተላቸውን ሳስብ፣ ዘመኑ ሁሉ በዚያች ስስ ልባስ ውስጥ የታየኝ ይመስለኛል።

በሚሺጋን ግዛት በካላማዙ ከተማ በ1902 የተቋቋመው የጊብሰን ኩባንያ ለጥቁር ራስ የጸና ነው። የራሱን ፊት በስስ እንጨት ሸፍኖ ያጠቁረዋል፤ በውድ ሞዴሎቹ ላይ ስሙን ከባሕር ዛጎል ተጠርቦ በሚገባ የሚያብረቀርቅ ልጣጭ ይጽፋል፤ በርካሾቹ ላይ በቀለም ያትማል። የዛጎሉ ጽሑፍ እንዴት ከጥቁሩ ተለይቶ እንደሚወጣ መመልከት ያስደስታል። ሠራተኛው ዛጎሉንም እንጨቱንም ባንድነት ጥቁር ይረጭበታል፤ ከዚያም በስለት እየፋቀ ፊደላቱን አንድ በአንድ ከጨለማ ያወጣል። እጁ ካዳለጠ ፊደሉ ይሻክራል። ስሙ የኦርቪል ጊብሰን ነው፤ ፋቂው ግን ሌላ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ነገሩ ጎልቶ ይታያል። ከ1942 አንሥቶ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ በወጡት የጊብሰን ጊታሮች ራስ ላይ ከስሙ በታች ድርጅቱን የሚያሞግስ መፈክር የተጻፈበት የሰንደቅ ምስል ነበር። ወንዶቹ ወደ ግንባር ስለ ሄዱ እነዚያን ጊታሮች በአብዛኛው የሠሩት የካላማዙ ሴቶች ነበሩ። ከፋብሪካው ደጃፍ በጅምላ የተነሡት ፎቶግራፍ ኋላ ተገኝቶ የታሪክ ጸሐፊዎች በሕይወት ያሉትን ፈልገው እስኪያነጋግሩ ድረስ፣ በዚያ ሰንደቅ ሥር የማን እጅ እንደ ነበረ የሚያውቅ ጥቂት ነበር። ዛሬ የሰንደቁ ጊታር በውድ ይፈለጋል። በመካከሉ ስንት ባለቤት «አሮጌ መፈክር» ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ እንደ ጣለው ማን ያውቃል?

በካሊፎርኒያ ፉለርተን ከተማ ሊዮ ፌንደር የጀመረው አሠራር ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ዞጲም፣ ዛጎልም፣ ጥቁርም የለም። ራሱ ከአንገቱ ጋር አንድ ወጥ የሜፕል እንጨት ሲሆን፣ ስሙ በውኃ ተነክሮ በሚለጠፍ ስስ ወረቀት ላይ የታተመ ነው። ስድስቱ መቃኛዎች እንደ ሽታውፈር በአንድ ጎን ተደርድረዋል። ሐሳቡ ከየት እንደ ተወሰደ ክርክሩ አላበቃም፤ ፖል ቢግስቢ በ1948 ለመርል ትራቪስ የሠራው ጊታር ግን ቀድሞ ይህንኑ ቅርጽ ይዞ ነበር። ራሱ የፌንደር ድርጅት ስም ማኖሪያ ብቻ ሳይሆን የታሪክ መዝገብም ሆነ። በ1950 የወጣው ጊታር ብሮድካስተር ይባል ነበር። ግሬች የተባለው ኩባንያ ይህን የመሰለ ስም ለከበሮዎቹ አስቀድሞ ስለ ያዘ፣ በ1951 መጀመሪያ ተቃውሞውን አሰማ። ፌንደር አዲስ ስም እስኪያወጣ ምርቱን አላቆመም፤ የታተመውንም ወረቀት አልጣለም። ሠራተኞቹ መቀስ አንሥተው «ብሮድካስተር» የሚለውን ቃል ቆርጠው፣ «ፌንደር» የሚለውን ብቻ ለጠፉ። በዚያው ዓመት ቴሌካስተር የሚለው ስም መጣ፤ በመካከሉ የተሠሩት ግን ስም አልባ ሆነው ቀሩ። ዛሬ ሰብሳቢዎች ለእነዚያ ስም አልባዎች ብዙ ገንዘብ ይከፍላሉ። ታሪክ እዚህ የተጻፈው በመቀስ ነው።

በዚያው ፋብሪካ ታዴዎ ጎሜዝ የሚባል ሠራተኛ ነበር። አንገቶችን ቀርጾ ሲጨርስ ከገላው ጋር በብሎን በሚጋጠመው፣ ሲገጠም በማይታየው ጫፍ ላይ የስሙን ሁለት ፊደላትና ቀኑን በእርሳስ ይጽፍ ነበር። በራሱ ላይ የባለ ድርጅቱ ስም፣ ከታች በስውር የሠራተኛው። የስትራዲቫሪን የጀርባ ጽሑፍ ያስታወሰ አንባቢ የሁለቱን ርቀት ራሱ ይለካ።

በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ፌንደር በአምስት በመቶ ጭማሪ ገዢው በመረጠው ቀለም ይቀባ ጀመር። ቀለሞቹ የዱፖንት የመኪና ቀለሞች ነበሩ፤ ቀዩ የፎርድ፣ ሰማያዊው የካዲላክ። እንደ ጃዝማስተርና ጃጓር ባሉት ሞዴሎች ላይ ብዙ ጊዜ የራሱ ፊት ከገላው ጋር ተመሳስሎ ይቀባ ነበር፤ ስትራቶካስተር ግን በአብዛኛው ራሱ በእንጨቱ መልክ ይተዋል። በ1965 ድርጅቱ ለሲቢኤስ ተሸጠ፤ ራሱም ወዲያው ሰፋ፣ ስሙም ወፈረ። በቴሌቪዥን መስኮት ከሩቅ መነበብ ነበረበትና። ጥቂት ቆይቶ አንገቱ በፖሊስተር መቀባት ሲጀምር፣ ይኸው አዲስ ቀለም ተለጣፊውን ጽሑፍ ስለሚያበላሽ የራሱ ፊት በቀድሞው ናይትሮሴሉሎስ ቀረ። ናይትሮሴሉሎስ በብርሃንና በዕድሜ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። ስለዚህ በ1970ዎቹ የተሠሩ ጊታሮች አንገታቸው ነጣ ብሎ ራሳቸው እንደ ጠጅ ሲወይብ እናያለን። ይህን የማያውቅ «አንድ ሰው ራሱን ቀብቶታል» ብሎ ሊያጸዳው ይነሣል፤ ያጸዳውም እለት ማስረጃውን አጠፋ።

ይሁንና ቀለምን ሁሉ ጠላት አድርጌ ማቅረብ አልሻም። በ1967 ጆርጅ ሃሪሰን የ1961 ሰማያዊ ስትራቶካስተሩን በደማቅ ቀለማት በገዛ እጁ ቀባው፤ ራሱንም በባለቤቱ በፓቲ ቦይድ የሚያብለጨልጭ የጥፍር ቀለም አስጌጠው። በዚያው ዓመት ሰኔ 25 ቀን «ዓለማችን» በተባለው የሳተላይት ሥርጭት ላይ ያ ጊታር ታየ። ባለሙያ ቢጠየቅ ሥራው ጉድ ነው፤ መሠረት አልተቀባም፣ አልተፋቀም፣ አልተስተካከለም። ግን እርሱን ዛሬ ፍቆ ወደ ፋብሪካ መልኩ እመልሳለሁ የሚል ቢኖር አእምሮውን የምንጠራጠረው እኛ ነን። ስለዚህ ጥያቄው ራስ ይቀባ ወይስ አይቀባ አይደለም። ማን፣ መቼ፣ ምን ሸፈነ የሚለው ነው።

የንግዱ ዓለም ራሱን ምን ያህል እንደሚቈጥረው ሁለት ክሶች ይመሰክራሉ። በ1977 የጊብሰን ባለቤት የነበረው ኖርሊን የኢባኔዝን ጊታሮች አሜሪካ በሚያስገባው ኩባንያ ላይ ክስ ሲመሠርት የሙግቱ ፍሬ ነገር የራሱ ቅርጽ ነበር፤ ጉዳዩም በስምምነት አለቀ። በ2009 ደግሞ ፌንደር የታወቁ ጊታሮቹን የገላ ቅርጽ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ያቀረበው ጥያቄ በአሜሪካ ውድቅ ሆነ፤ ቅርጹ የሁሉ ሆኗልና። ገላ ለሕዝብ፣ ራስ ለባለቤት ተከፋፈለ።

ሥራውን መሥራት ለሚፈልግ፣ ከባለሙያዎች ያየሁትን ልንገር። መቃኛዎቹ ይወልቃሉ፤ አውታሮቹ የሚያርፉባት ባለ ስንጥቅ አጥንት ትሸፈናለች። ናይትሮሴሉሎስ ወይም ጎማላካ ከሆነ መጀመሪያ ማጽዳት እንጂ መፋቅ አያስፈልግም፤ የተሰነጠቀውን ልባስ የራሱ ማሟሚያ መልሶ ያገናኘዋል። መቀባት ግድ ከሆነ ስሙ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ስፋቱ ይለካል፤ የሚቻል ከሆነ ባለበት ተሸፍኖ ዙሪያው ብቻ ይቀባል። እንደ ማሆጋኒ ያለው ቀዳዳ የበዛበት እንጨት መሙያ ይሻል፤ ለቤት ዕቃ የሚሆን ወፍራም ስቱኮ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀለሙ ሳስቶ እየደረቀ ይደራረባል፤ በመጨረሻ ግልጹ ልባስ ይረጫል፤ ሳምንታት ይታገሡታል፤ ከዚያ በውኃ በራሰ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ጭሱ ሳንባ ይጎዳል፣ እሳትም ይወዳል፤ በተዘጋ ቤት የሚሠራ ሞኝ ነው። ይህን ሁሉ አድርጎ እንኳ የታወቀ አሮጌ ጊታር ዋጋው በብዙ ይወርዳል።

ወዳጄና እኔ በኋላ ጊታሩን ይዘን ወደ አናጢው ተመለስን፤ ለጠብ አይደለም። አራቱን ብሎኖች ፈትተን አንገቱን ከገላው አላቀቅነው። ከጫፉ ላይ የደበዘዘ የእርሳስ ጽሑፍ ነበር፤ ቀንና ሁለት ፊደላት። አናጢው መነጽሩን አድርጎ ወደ መስኮቱ ቀረበና ብዙ ጊዜ አገላበጠው። «ይሄ እንደኔው አናጢ ነው» አለ። «እኔም እኮ ከአልጋው ራስጌ ጀርባ እጽፋለሁ።» ወዳጄ ጥቁሩ ቀለም ይፋቅለት እንደ ሆነ ጠየቀ። አናጢው ራሱን ነቀነቀ፤ ከሥሩ የቀረ ጽሑፍ የለም፣ አስቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼዋለሁ አለ። አንገቱን መልሰን አሰርነው፤ ወዳጄም እዚያው ቁጭ ብሎ አውታሮቹን መቃኘት ጀመረ።